ኮንክሪትና ግራናይት ለሚቆርጡ ሠራተኞች የትኛው ማስክ ይሻላል?

ጥያቄ፦ «ስምንት ሠራተኞች አሉኝ። ኮንክሪት እንቆርጣለን፣ ለኤሌክትሪክ መስመር ግድግዳ በግራይንደር እንፈለፍላለን፣ አልፎ አልፎም ግራናይት ቆርጠን ደረጃ ላይ እንገጥማለን። ለሁሉም ኤን 95 ማስክ ገዝቻለሁ፤ አቧራው እንዳይነሳም ወለሉን ውሃ እንረጫለን። ሁለቱ ግን ከጥቂት ወራት ወዲህ ያስላቸዋል። ከዚህ የተሻለ የትኛውን ማስክ ልግዛ?»

ምላሽ፦

የማስኩን ነገር ከታች በዝርዝር ያገኙታል። በጻፉት ውስጥ ትልቁ ችግር ግን ግራይንደሩ ነው። ያለ ውሃና ያለ ቫኩም ግድግዳ የሚፈለፍል ግራይንደር ቤት ውስጥ የሚለቀው ሲሊካ (በድንጋይና በኮንክሪት ውስጥ ያለ፣ ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን) ከተፈቀደው ጣሪያ በብዙ አሥር እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ኤን 95 ፊት ላይ በትክክል ተገጥሞ እንኳ ይቀንሳል ተብሎ የሚታሰበው አሥር እጥፍ ነው። የቀረው ሳንባ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ ገንዘብ የሚወጣው አቧራው ከዲስኩ ሳይርቅ የሚያዝበት ነገር ላይ ነው፤ ማስኩ ከዚያ ያመለጠውን ይይዛል።

ምን እየቆረጣችሁ ነው?

ጉዳት የሚያደርሰው ክሪስታላዊ ሲሊካ ነው፤ በብዛት የሚገኘውም ኳርትዝ በሚባለው መልኩ ነው። ድንጋዩ ውስጥ እንዳለ ማንንም አይነካም፤ ሲቆረጥ፣ ሲፈጭ፣ ሲበሳና ሲሰበር ደቅቆ አየር ላይ ይወጣል። መጠኑ ከዕቃ ዕቃ ይለያያል። አሸዋ ድንጋይ ከ70 እስከ 90 በመቶ፣ ኮንክሪትና ሞርታር ከ25 እስከ 70 በመቶ፣ ግራናይት ከ20 እስከ 45 በመቶ፣ ጡብ ደግሞ እስከ 30 በመቶ ሊይዝ ይችላል። እምነ በረድና የኖራ ድንጋይ በአብዛኛው 2 በመቶ አካባቢ ናቸው፤ የደረጃውን ድንጋይ የመምረጥ ዕድል ካላችሁ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

«ግራናይት» ተብሎ የመጣውን ሁሉ ግን ግራናይት ነው ብለው አይቀበሉ። የተፈጨ ኳርትዝ በሙጫ ተጣብቆ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ድንጋይ አለ፤ ለመደርደሪያ ብዙ ይፈለጋል። የሲሊካው መጠን ከ90 በመቶ ሊያልፍ ይችላል። ይህን ድንጋይ በደረቁ የቆረጡ ወጣት ሠራተኞች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በጠና ስለታመሙ፣ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ማምረቱንም፣ ማቅረቡንም፣ መግጠሙንም ከልክላለች። ከሻጩ የዕቃውን የደህንነት መረጃ ወረቀት ይጠይቁ፤ የሲሊካው መጠን እዚያ ላይ መጻፍ አለበት። ወረቀቱ ካልመጣ ድንጋዩን በከፍተኛው መጠን ቆጥረው ይሥሩ።

የማይታየው አቧራ

ዓይን የሚያየው ነጭ ደመና አብዛኛው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ተይዞ በአክታ የሚወጣ ነው። ሳንባ ጥግ ድረስ የሚወርደው ከ10 ማይክሮን ያነሰው፣ በተለይም ከ4 ማይክሮን በታች ያለው ነው። የአንድ ጸጉር ዘለላ ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ መሆኑን ያስቡ። እንዲህ ያለ ቅንጣት ቶሎ መሬት አይወርድም። ነፋስ በሌለበት ክፍል 2 ማይክሮን የሆነ የኳርትዝ ቅንጣት ከ1.6 ሜትር ከፍታ ወለል ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበታል፤ 1 ማይክሮን የሆነው ደግሞ ከአምስት ሰዓት በላይ። ግራይንደሩ እንደቆመ «ጸዳ» ብሎ ማስኩን አውልቆ እዚያው ክፍል ውስጥ የሚያርፍ ሠራተኛ፣ ሲቆርጥ የዳነበትን አቧራ ሲያርፍ ይተነፍሰዋል።

የተፈቀደው መጠን ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ካላወቁ ደግሞ የቀረው ሁሉ የተጋነነ ይመስልዎታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ደንብ ጣሪያው በስምንት ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 50 ማይክሮግራም ነው፤ 25 ላይ ሲደርስም አሠሪው እርምጃ እንዲጀምር ያዛል። በብሪታንያ ጣሪያው 100 ነው። ከባድ ሥራ የሚሠራ ሰው በአንድ ፈረቃ 10 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይተነፍሳል ብንል፣ በ50 ጣሪያ ቀኑን ሙሉ የሚገባው ግማሽ ሚሊግራም ነው፤ ከአሥር የማይበልጡ የገበታ ጨው ቅንጣቶች ክብደት ማለት ነው። ይህን ያህል አቧራ አንድ የግራይንደር ዲስክ በስንት ሴኮንድ እንደሚያስነሳ መገመት ቀላል ነው።

በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል። ሳንባው ቅንጣቱን ማሟሟትም ሆነ ማስወጣት ስለማይችል ዙሪያውን ጠባሳ ይሠራል፤ ጠባሳው ደግሞ አይተነፍስም። ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው ከአሥር ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ነው። አቧራው ሲበረታ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት፣ እጅግ ሲበዛም በወራት ውስጥ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ በዌስት ቨርጂኒያ የሆክስ ኔስት ዋሻ ሲቆፈር ሲሊካ የበዛበት አለት በደረቁ ተበስቶ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሞተዋል። ውሃ እየረጩ መብሳት ያኔም የታወቀ ዘዴ ነበር። ከሲሊኮሲስ ሌላ ሲሊካ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1997 በአንደኛ ምድብ አስቀምጦታል፤ የኩላሊት ሕመምንና የሳንባ ነቀርሳ ተጋላጭነትንም ይጨምራል።

ውሃው የት ላይ ነው የሚፈሰው?

ወለል ላይ ውሃ መርጨት የወደቀው አቧራ በእግር ተረግጦ እንደገና እንዳይነሳ ይረዳል። ከዲስኩ እየተወነጨፈ ያለውን ግን አይነካውም። ውሃው መድረስ ያለበት ዲስኩና ኮንክሪቱ የሚገናኙበት ነጥብ ላይ ነው፤ አቧራው አየር ላይ ከወጣ በኋላ በውሃ ማሳደድ ብዙም አያዋጣም፣ ደቃቁ ቅንጣት ከጠብታው ጎን ተንሸራቶ ያልፋል።

ባለ 300 ሚሊሜትር ዲስክ በእጅ የሚያዝ የኮንክሪት መቁረጫ ቢያንስ በደቂቃ ግማሽ ሊትር ውሃ ያስፈልገዋል። አብዛኞቹ መቁረጫዎች በዲስኩ ግራና ቀኝ የሚረጭ የውሃ መስመር ይዘው ይመጣሉ ወይም ሊገጠምላቸው ይችላል። የቧንቧ ውሃ በሌለበት በእጅ ግፊት የሚሞላ ተሸካሚ ታንክ ይበቃል፤ ሒሳቡን ግን አስቀድመው ይሥሩ፦ 10 ሊትር ታንክ በዚህ ፍሰት 20 ደቂቃ ነው የሚቆየው። ግማሽ ቀን የሚቆርጥ ቡድን በአንድ ታንክ ከወጣ፣ ከመጀመሪያው ሩብ ሰዓት በኋላ ግፊቱ ይወርዳል፣ ከዚያ ሠራተኛው በደረቁ ይቀጥላል። ሁለት ታንክ በተራ እየተሞሉ ይሂዱ፣ ወይም ትልቅ በርሜልና ትንሽ ፓምፕ ያዘጋጁ።

ፍሰቱን ለማወቅ ውድ መለኪያ አያስፈልግም። ቧንቧውን ከፍተው የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ሥር ይያዙ፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልሞላ አይበቃም። ይህንን በየጠዋቱ የሚያደርግ አንድ ሰው በስሙ ይመደብ። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ትንሿ የውሃ መርጫ ቀዳዳ ናት፤ የኮንክሪት ጭቃ ይደፍናታል። በቀጭን ሽቦ ትጸዳለች። በአንድ ጎን ብቻ የሚረጭ መስመር ደግሞ የዲስኩን ሌላ ጎን ደረቅ ይተዋል፤ ውሃ እያለ አቧራ የሚታየው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ረዳት አቁሞ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ማፍሰስ በየቦታው የተለመደ ነው፣ ግን ይተውት። ፍሰቱ ይቆራረጣል፤ ከዚያም በላይ አንድ ሰው ይተነፍስ የነበረውን አቧራ ሁለት ሰው እንዲተነፍሰው ያደርጋል፣ የረዳቱን እጅም ወደ ዲስኩ ያቀርበዋል።

ሌላው ውሃ የሚያመጣው አደጋ ኤሌክትሪክ ነው። ለውሃ ያልተሠራ ተራ ግራይንደር ላይ ውሃ አይፈስም፣ ምንም ቢሆን። በውሃ ለመቁረጥ የተሠራ የኤሌክትሪክ መሣሪያም ቢሆን 30 ሚሊአምፔር ጅረት ሲያመልጥ ኃይሉን በሚቆርጥ መከላከያ (አርሲዲ) በኩል መሰካት አለበት፤ የኤክስቴንሽኑ ሶኬት ከጭቃው በላይ ይንጠልጠል። በቤንዚን የሚሠራ መቁረጫ ከኤሌክትሪኩ ያድናል፣ በዝግ ቦታ ግን ካርቦን ሞኖክሳይዱ በደቂቃዎች ውስጥ ራስ ያስታል። ቤት ውስጥ በቤንዚን አይቆረጥም፣ መስኮት ተከፍቷል ማለትም አይበቃም።

የሚወርደው ጭቃ ሲደርቅ ተመልሶ ያው አቧራ ነው፤ ከዚያም የባሰ፣ ምክንያቱም አሁን ደቅቆ ተዘጋጅቷል። እርጥብ ሳለ በአካፋ ወይም እርጥብ በሚስብ ቫኩም ተሰብስቦ በከረጢት ይዘጋ። የኮንክሪት ጭቃ ቆዳ ስለሚያቃጥል ጓንትና ቦት ጫማ ያስፈልጋል። ግራናይቱን በተመለከተ ቀላሉ መንገድ ልኩን ወስዶ ውሃ በሚያፈስ የጠረጴዛ መጋዝ አስቆርጦ ማምጣት ነው። በቦታው ላይ የሚቀረው የጥቂት ሚሊሜትር ማስተካከያ ብቻ ይሆናል፤ እሱም በውሃ ይሠራል።

ግድግዳ መፈልፈል

ከእናንተ ሥራ ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ፊት ለዲስኩ ቅርብ ነው፣ ክፍሉ ዝግ ነው፣ ልስኑም ስለሚበላሽ ውሃ አይመችም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ «ይህ ግድግዳ መፈልፈል አለበት?» የሚል ነው። ቱቦው ከግንባታው ጋር አብሮ ቢቀበር፣ ወይም በግድግዳው ላይ በሚሄድ ሽፋን ቢዘረጋ አቧራው አይኖርም። የግድ ከሆነም አጭር መስመር በመሮና በመዶሻ መፈልፈል ከግራይንደር እጅግ ያነሰ ደቃቅ አቧራ ያወጣል፤ ዲስኩ የሚፈጨውን መሮው ይሰብረዋልና። ቀርፋፋ ነው፣ ለሁለትና ለሦስት ሜትር ግን ያዋጣል።

ግራይንደር ከተባለ ዲስኩን ከሞላ ጎደል የሚሸፍን የአቧራ መያዣ ሽፋንና ከሱ ጋር የተገናኘ ቫኩም የግድ ነው። ሁለት ዲስክ ጎን ለጎን የሚይዘው የግድግዳ መፈልፈያ ማሽን ሽፋኑ አብሮት ስለሚመጣ፣ ይህን ሥራ አዘውትሮ ለሚሠራ ቡድን ከግራይንደር ይልቅ እሱን መግዛት ይሻላል። የቫኩሙ ጉልበት ከዲስኩ ስፋት ጋር ይሄዳል። በአሜሪካው ደንብ መሠረት ለ115 ሚሊሜትር ዲስክ በሰዓት 190 ሜትር ኩብ ገደማ፣ ለ125 ሚሊሜትር 210 ገደማ፣ ለ180 ሚሊሜትር 300 ገደማ አየር መሳብ አለበት። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ባዶ ማሽን ያለ ቱቦ የሚስበው መሆኑን አይርሱ፤ ረጅም ጠባብ ቱቦና አቧራ የያዘ ማጣሪያ ሲገባ በጣም ይወርዳል። ከሚያስፈልገው ከፍ ያለ ይግዙ፣ ቱቦውንም አጭርና ሰፊ ያድርጉት።

የቤት ምንጣፍ ማጽጃ ቫኩም ለዚህ አይሆንም። ትልቁን አቧራ ይይዝና ደቃቁን በጀርባው በኩል ወደ ክፍሉ ይተፋዋል፤ ዓይን ግን ጸዳ ይላል። የሚፈለገው ቢያንስ ኤም ክላስ የሚባለው 99.9 በመቶ የሚይዝ ማጣሪያ ያለው ነው፤ ኤች ክላስ ደግሞ 99.995 በመቶ ይይዛል። ማጣሪያውን በራሱ እያራገፈ የሚያጸዳ ዘዴ፣ ወይም ከፊቱ አቧራውን አሽከርክሮ የሚጥል ሳይክሎን ሊኖረው ይገባል። ያለዚያ የኮንክሪት አቧራ ማጣሪያውን በደቂቃዎች ውስጥ ይለጥፈዋል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ አየር ግን አይስብም። የአየር ፍሰት ሲቀንስ የሚጮኽ ማስጠንቀቂያ ያለው ቫኩም ካገኙ ለዚያ ጥቅም ተጨማሪ መክፈል ተገቢ ነው።

አያያዙም ለውጥ ያመጣል። ሽፋኑ ግድግዳው ላይ ጠፍጣፋ መቀመጥ አለበት፤ ዘንበል ሲል በተከፈተው ጎን አቧራው ይፈነጥቃል። የግራይንደሩ ጉዞ ፍርፋሪው ወደ ቫኩሙ ቱቦ በሚወረወርበት አቅጣጫ ይሁን፣ ማለትም ከዲስኩ መሽከርከር በተቃራኒ። በተገላቢጦሽ ሲጎተት ቫኩሙ ምንም ያህል ቢበረታ አቧራው ያመልጣል። መስመሩ ሲያልቅ ዲስኩን ወዲያው መንቀል ሳይሆን ትንሽ ወደ ኋላ መለስ አድርጎ፣ ቫኩሙ የተከማቸውን እስኪስብ ጥቂት ሴኮንድ መጠበቅ ነው። ማዕዘን ላይና ከጣሪያ ሥር ሽፋኑ ስለማይገባ ሠራተኛው ቁልፉን ፈትቶ ያወልቀዋል፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ እንደወለቀ ይቀራል። ለዚያች ለቀረች 10 ሴንቲሜትር መሮ ይስጡት።

ቦርሳውን መቀየር ራሱ የአቧራ ሥራ ነው። ማስክ ተደርጎ፣ ከቤት ውጭ፣ አፉ የሚዘጋ ቦርሳ ተጠቅሞ ይደረግ። ማጣሪያውን ግድግዳ ላይ እያጋጩ ማራገፍ የቀኑን ድካም በሙሉ አየር ላይ መበተን ነው፤ ማጣሪያውንም ይቀደዋል።

ሌሎቹን ባጭሩ። ለጃክ ሀመር ከጫፉ ላይ የተነጣጠረ የውሃ መርጫ በደቂቃ 350 ሚሊሊትር ያህል ይበቃዋል፤ ጭቃ እስኪሆን ማጥለቅለቅ አያስፈልግም። ለድሪል ውስጡ ክፍት ሆኖ ከቫኩም ጋር የሚገናኝ መሰርሰሪያ አለ፤ ከሌለም በቀዳዳው ዙሪያ የሚገጠም የመሳቢያ ቀለበት ይሠራል። ወደ ሳንድ ብላስቲንግ (በአየር ግፊት ፍርፋሪ እየረጩ ወደ ማጽዳት) ከሄዳችሁ ደግሞ አሸዋ አይጠቀሙ፤ ብሪታንያ ይህን እ.ኤ.አ. በ1949 ከልክላለች። ጋርኔት የሚባል ማዕድን ወይም የብረት ፍርፋሪ ይተካዋል።

ማጽዳትና ሌላው ሰው

ደረቅ መጥረጊያና የኮምፕረሰር አየር ከሥራ ቦታው ይውጡ። ብዙ ቡድን ቀኑን ሙሉ በውሃ ቆርጦ ማታ በመጥረጊያ ያጠፋዋል። ልብስ ላይ ያለውን አቧራ በኮምፕረሰር መንፋትም ያው ነው፤ አቧራው በቀጥታ ፊት ላይ ይመጣል። ልብሱ በቫኩም ይጽዳ፣ በሥራ ቦታ ይቀየር፣ ለብቻው ይታጠብ።

በአቧራው ክፍል ውስጥ መኖር ያለበት የሚቆርጠው ብቻ ነው። ቀለም ቀቢውና ቧንቧ ሠራተኛው ያለ ማስክ በአጠገቡ ሲሠሩ ከሱ ያላነሰ ይተነፍሳሉ። በሩ በፕላስቲክ ይጋረድ፣ ከውጭ ሲሠራ ነፋሱ ከጀርባ እንዲመጣ ይቆም፣ አቧራማው ሥራ ሌላው ሰው በሌለበት ሰዓት ይመደብ። ሠራተኛ በፈረቃ ማቀያየርን እንደ መፍትሔ የሚቆጥሩ አሉ። አቧራውን ለብዙ ሰው ያካፍለዋል እንጂ አይቀንሰውም።

አሁን ወደ ማስኩ

ጨርቅ፣ ሻሽና የሕክምና ማስክ ለሲሊካ አያገለግሉም። ኤን 95 እና የአውሮፓው ኤፍ ኤፍ ፒ 2 ለተቀራራቢ ሥራ ናቸው፤ ማጣሪያቸው 94 ወይም 95 በመቶ ይይዛል። ኤፍ ኤፍ ፒ 3 ወደ 99 በመቶ ይደርሳል። የጎማ ፊት ያለውና ማጣሪያው የሚቀየር ግማሽ ፊት ማስክ በፒ 100 (ከፍተኛ ደረጃ ባለው) ማጣሪያ ከሁሉም ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላል፤ ይታጠባል፣ ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ ይገዛል።

ነገር ግን ማጣሪያውን ማሻሻል ብቻውን ብዙ እንደማይለውጥ ይወቁ። በአሜሪካው አሠራር ግማሽ ፊት የሚሸፍን ማስክ ሁሉ፣ ኤን 95ም ይሁን ፒ 100፣ የሚታሰብለት አሥር እጥፍ መከላከል ነው። ምክንያቱም አቧራው የሚገባው በብዛት በማጣሪያው ሳይሆን በፊት ጠርዝ በኩል ነው። ብሪታንያ ለኤፍ ኤፍ ፒ 3 ሃያ እጥፍ ትሰጣለች። በክፍሉ ውስጥ 2,000 ማይክሮግራም አለ ብንል፣ አሥር እጥፍ ቀንሶ 200 ይቀራል፤ ያም ከ50 ጣሪያ አራት እጥፍ ነው። አቧራው በቫኩም መጀመሪያ ወደ 300 ቢወርድ ያው ማስክ 30 ያደርሰዋል።

ስለዚህ ለጥያቄዎ ቀጥተኛ መልስ ይህ ነው። ውጭ በውሃ ለሚቆርጥ፣ ሥራው ከአራት ሰዓት ካነሰ የአሜሪካው ደንብ ማስክ አያስገድድም፤ ኤን 95 ማድረግ ግን አይጎዳም። ቤት ውስጥ በውሃ ለሚቆርጥ፣ ወይም ውጭ ከአራት ሰዓት በላይ ለሚቆይ፣ ያለዎት ኤን 95 በልኩ ከተገጠመ ይበቃል። ግድግዳ በቫኩም ለሚፈለፍለው የጎማውን ግማሽ ፊት ማስክ በፒ 100 ይግዙለት። በቀን ከአራት ሰዓት በላይ የሚፈለፍል ከሆነ በባትሪ የተጣራ አየር የሚነፋውን ኮፍያ መሰል ማስክ ይፈልጋል፤ እሱ ሃያ አምስት እጥፍ ይቆጠርለታል። ጢም ያለው ሠራተኛም መፍትሔው ይኸው ኮፍያ ነው፤ ፊት ላይ የሚጣበቅ ማስክ በጢም ላይ አይዘጋም፣ የሁለት ቀን ያልተላጨ ጸጉር እንኳ ክፍተት ይፈጥራል።

ኤን 95 ሁለት ማሰሪያ ያለው በምክንያት ነው። አንዱ ከጆሮ በላይ አናት ላይ፣ ሌላው ከጆሮ በታች አንገት ላይ ይሄዳል። ሁለቱንም አንገት ላይ ያደረገ፣ ወይም አንዱን የቆረጠ ሠራተኛ ምንም አላደረገም። የአፍንጫው ብረት በአንድ እጅ ሳይሆን በሁለት እጅ ጣቶች ይጫን፤ በአንድ እጅ ሲቆነጠጥ መሐሉ ይሾላል፣ በጎን ያስገባል። ከዚያ ማስኩን በሁለት መዳፍ ሸፍኖ በኃይል መተንፈስ፤ ወደ ዓይን የሚነፍስ አየር ካለ እንደገና ማስተካከል። መነጽር ላይ ጉም መሥራቱም ያንኑ ይናገራል። ከመግዛትዎ በፊት ለእያንዳንዱ ሰው የመጣጣም ምርመራ ይደረግ፦ ማስኩን አድርጎ ራስ ላይ በሚጠለቅ ኮፈን ውስጥ ጣፋጭ ወይም መራራ ነገር ይረጫል፣ ጣዕሙ ከተሰማው ያ ሞዴል ለዚያ ፊት አይሆንም። ስምንት ሰው በአንድ ሞዴል እኩል አይዘጋም፤ ሁለትና ሦስት ዓይነት ይያዙ።

መተንፈስ ሲከብድ፣ ሲረጥብ ወይም ሲጣመም ይቀየር። በእረፍት ጊዜ አንገት ላይ ከተንጠለጠለ ውስጡ አቧራ ይሞላል፤ ንጹሕ ከረጢት ውስጥ ይግባ። ሲወልቅም የመጨረሻው ይሁን፦ መጀመሪያ ከክፍሉ መውጣት፣ ልብሱን በቫኩም ማጽዳት፣ ከዚያ ማስኩን ማውለቅ፣ እጅና ፊት መታጠብ።

መሥራቱን እንዴት ያውቃሉ?

ትክክለኛው መለኪያ የሠራተኛው ደረት ላይ የሚሰካ ናሙና መውሰጃና ወገቡ ላይ የሚታሰር ፓምፕ ነው፤ በፈረቃው መጨረሻ ማጣሪያው ላብራቶሪ ይሄዳል። በደቂቃ 1.7 ሊትር እየሳበ ስምንት ሰዓት ከቆየ 0.8 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይሰበስባል፤ በ50 ጣሪያ ማጣሪያው ላይ የሚገኘው ኳርትዝ 41 ማይክሮግራም ገደማ ነው። ይህን የሚመዝነው የሠለጠነ ላብራቶሪ ብቻ ስለሆነ በዓይን ግምት አይተካም።

እስከዚያው በጠንካራ የእጅ ባትሪ ብዙ ማየት ይቻላል። ክፍሉን አጨልመው ባትሪውን ከሠራተኛው ጀርባ ወደ እርስዎ አቅጣጫ ያብሩ፤ አምፖሉ ራሱ ዓይንዎ ውስጥ እንዳይገባ በካርቶን ይጋርዱት፣ ከዚያ ወደ ብርሃኑ ይመልከቱ። በተለመደው ብርሃን የማይታየው ደቃቅ አቧራ እንደ ጢስ ሲንሳፈፍ ያዩታል። ከሽፋኑ በየትኛው ጎን እንደሚያመልጥ፣ ቫኩሙ ከጀርባው እየተፋ መሆኑን ለማወቅ ከዚህ የረከሰ ዘዴ የለም። አለመታየቱ ግን ከጣሪያው በታች መሆኑን አያረጋግጥም።

የሚያስላቸው ሁለቱ

ሳሉ ከብሮንካይትስ (የአየር ቧንቧ ብግነት) እስከ ሳንባ ነቀርሳ ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ሲሊኮሲስ በበኩሉ መጀመሪያ ላይ ምንም ምልክት ላይሰጥ ይችላል። ስለዚህ ሳል ያለበትም የሌለበትም ይመርመር። ሁለቱ ግን በዚህ ሳምንት ሐኪም ይዩ። ለሐኪሙ ሥራቸውን በዝርዝር ይናገሩ፦ ኮንክሪትና ግራናይት በደረቁ እንደሚቆርጡ፣ ስንት ዓመት፣ በቀን ስንት ሰዓት። ይህ ካልተነገረ ሐኪሙ እንደ ተራ ሳል ሊያየው ይችላል። የደረት ራጅ፣ የሳንባ አቅም ምርመራና የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይጠየቅ። ሳሉ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ወይም ደም ያለበት አክታ ካለ የሳንባ ነቀርሳው ምርመራ አይዘግይ፤ ሲሊካ ያለበት ሳንባ ለሱ እጅግ የተጋለጠ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ማቆሙ ሳንባውን በእጅጉ ይረዳል።

ውጤቱ እስኪታወቅ ሁለቱ ከመቁረጥና ከመፈልፈል ይውጡ፣ ደመወዛቸው ግን አይነካ። ሳል ደመወዝ የሚያስቀንስ ከሆነ ሦስተኛው ሰው ሳሉን ይደብቃል። ሲሊኮሲስ ሆኖ ከተገኘ ጠባሳውን የሚመልስ መድኃኒት የለም፤ አቧራው ከቆመ በኋላም ሊባባስ ስለሚችል ወደ ደረቅ አቧራ ሥራ መመለስ የለባቸውም።

ለቀሩት ስድስቱም አሁን መነሻ የሚሆን ራጅና የሳንባ አቅም ምርመራ ያሠሩ፤ ከዚያ በየሦስት ዓመቱ፣ ሐኪሙ ካለም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይደገማል። የዛሬው ራጅ ንጹሕ መሆኑ ሳንባው ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ ዋጋው ከዓመታት በኋላ ከሚነሳው ጋር ሲነጻጸር ነው። ስለዚህ ፊልሙን ወይም ሲዲውን፣ ከምርመራው ቀንና ከሥራ ዘመኑ ዝርዝር ጋር፣ ለሠራተኛው ራሱ አንድ ቅጂ ይስጡት። ሥራ ሲቀይርም ይዞት ይሄዳል።